የማድቤት ፎጣ ከቅባት፣ ከእርድና ከሽታ የሚጸዳበት አሠራር

የታጠበ ፎጣ ዘርጉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ውሃው ወዲያው ሰምጦ ከጠፋ ፎጣው ንጹሕ ነው። እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ላዩ ላይ ከቆመ ግን፣ ምንም ያህል ነጭ ቢመስል፣ ክሩ ውስጥ ቅባት ተቀምጧል። የወጡን ቀለም አልለቅም ብሎ የሚይዘው ይኸው ቅባት ነው፤ ፎጣው በረጠበ ቁጥር የሚሸተውም ተሕዋስያን እዚያው ቅባት ላይ ስለሚባዙ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ቅባቱ ይውጣ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ መቀቀልና ካውያ መጨረሻ ላይ። በረኪናን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈስ ሰው ቅባቱ ከለላ ስለሚሆንበት እድፉን ሳያነሳ ጨርቁን ይበሳል።

ስንት ፎጣ፣ ለምን ሥራ

አንድ ፎጣ እጅም፣ ሰሃንም፣ ጠረጴዛም፣ የድስት ጆሮም ከያዘ የትኛውም ሳሙና አያድነውም። ሥራውን ለአራት ክፈሉት፤ ለእጅ፣ ለታጠበ ዕቃ፣ ለጠረጴዛና ለምድጃ፣ ትኩስ ድስት ለማውረጃ። በቀለም ከለያችኋቸው ለቤተሰቡ ደጋግሞ ማስረዳት አያስፈልግም። ለታጠበ ዕቃ ነጭ፣ ለእጅ ባለመስመር፣ ለጠረጴዛ ጠቆር ያለ ቢሆን ይመቻል። አምስት ሰው ያለበት፣ በሳምንት ሁለቴ የሚታጠብበት ቤት ከ10 እስከ 12 ፎጣ ይበቃዋል። የእጁ በየቀኑ ይቀየራል፣ የዕቃው በሁለት ቀን። የጠረጴዛው ማታ ማታ በሳሙና ታሽቶ ይሰጣል።

የድስት ማውረጃው ወፍራምና ሁልጊዜ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ያሳልፋል፣ ውስጡ ያለው ውሃም እንፋሎት ሆኖ እጅ ያቃጥላል።

ዶሮ በሚበለትበት ቀን የእጅ ፎጣውን ከማድቤት አውጡና በሶፍት ወይም ወዲያው በሚቀቀል አሮጌ ጨርቅ ተጠቀሙ። ሎሚና ጨው የዶሮውን ሽታ ያነሳል እንጂ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ሳልሞኔላን ለመግደል አይበቃም። እጅ ሳይታጠብ ፎጣው ከተነካ ደግሞ ቀጥሎ የሚጠራረገው ሰሃን ሁሉ ድርሻውን ያገኛል።

የመሶቡ ጨርቅ ለብቻው ይታያል። እንጀራው ቶሎ ሻገተ ተብሎ ሊጡ ሲታማ፣ ብዙ ጊዜ ያለፈው ሻጋታ ዘር ጨርቁ ላይ ቆይቶ ነው። አንድ ዙር እንጀራ ባለቀ ቁጥር ጨርቁ ይቀቀል፣ ደርቆ በካውያ ይተኮስ፤ መሶቡም ይራገፍና ፀሐይ ይምታው። ለዚህ ጨርቅ ሽቶ የበዛበት ሳሙናና ማለስለሻ አይሆንም፤ እንጀራ ሽታ ይስባል።

ጨርቁ ራሱ

ንጹሕ ጥጥ ይሁን። ቴትሮንና ሌላው ሰው ሠራሽ ክር ቅባት ይወዳል፣ ውሃ ግን አይመጥም፤ ሽታም አይለቅም። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለና ካላመናችሁ ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ በጣት የሚፈርስ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ፀጉራም ፎጣ ለእጅ ጥሩ ነው፣ ብርጭቆ ላይ ግን ብናኝ ይተዋል። ለዕቃ ለጥ ያለ ሽመና ይሻላል። አቡጀዲድ በሜትር ገዝቶ 50 በ70 ሴንቲሜትር ቆርጦ ጠርዙን መስፋትም ርካሽና ጥሩ መንገድ ነው፤ ሲታጠብ ስለሚያጥር ግን ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

አዲስ ፎጣ ፋብሪካ ውስጥ ማጠንከሪያና ማሳመሪያ ስለሚቀባ መጀመሪያ ላይ ውሃ አይመጥም። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ ይስተካከላል። ባለቀለሙን ማለቅለቂያው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ከነጭ ጋር አትቀላቅሉ። ጨው ወይም አቼቶ ቀለሙን «ያስረዋል» የሚባለው በፋብሪካ በተነከረ ጥጥ ላይ አይሠራም፤ የሚለቅ ቀለም መልቀቁ አይቀርም።

በየቀኑ የሚደረገው

ፎጣ የሚበላሸው ሲታጠብ ሳይሆን ሳይታጠብ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ተጠቅልሎ የውሃ ቧንቧው አንገት ላይ የተሰቀለ ፎጣ ሳይደርቅ ያድራል። እርጥቡን የልብስ ቅርጫት ውስጥ መወርወር ደግሞ የባሰ ነው፤ ሁለት ቀን ካደረ የሻጋታ ጥቁር ነጥብ ይጀምረዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ያሸተዋል። ዘርግታችሁ ስቀሉ፣ የቆሸሸውም ቢሆን ደርቆ ይጠብቅ። ወጥ ሲፈስ በሶፍት ወይም በማንኪያ ጠርዝ ገፍፋችሁ አንሱት እንጂ በፎጣው አትሹት። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቁሌትን በነጭ ፎጣ የሚጠርግ ሰው አምስት ሰከንድ ቆጥቦ ለአንድ ሰዓት የማሸት ሥራ ይገባል።

የእጅ አጠባ፤ ለስድስት ፎጣ

1. በደረቁ አራግፉና ለዩ። ነጩ ለብቻ፣ ባለቀለሙ ለብቻ፣ የጠረጴዛና የምድጃው ለብቻ።

2. የዘይትና የወጥ እድፍ ያለበት ቦታ ላይ፣ ፎጣው ገና ደረቅ እንዳለ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አድርጉ። መዳፍ ለሚያህል እድፍ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በጣት ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሁለቱም ወገን አስገቡትና 15 ደቂቃ ተዉት። ቀድሞ ከረጠበ ሳሙናው ውሃው ላይ ይቀራል፣ ቅባቱ ጋ ሳይደርስ ይቀጥናል። እንቁላል፣ ወተት ወይም ደም የነካውን ግን በዚህ ፋንታ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

3. ሳፋ ውስጥ 10 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ አዘጋጁ። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ በሦስት ጆግ የቧንቧ ውሃ ላይ ሁለት ጆግ የፈላ ሲጨመር ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል። እጅ ገብቶ የሚችለው፣ ግን ማቆየት የሚከብደው ሙቀት ነው።

4. ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ውሃው ውስጥ ፈጽሞ እስኪሟሟ በጥብጡ፣ ከዚያ ፎጣዎቹን ክተቱ። ጨርቅ ላይ በቀጥታ የተነሰነሰ ዱቄት ሳይሟሟ ክር ውስጥ ይቀራል፣ ባለቀለሙንም ያጠይመዋል።

5. ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ እዚህ አይጠቅምም። ውሃው ሲቀዘቅዝ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ጨርቁ ላይ ይረጋል፣ ጠዋት ሳፋው ሲከፈት ያለውን ሽታ ደግሞ የሞከረ ያውቀዋል።

6. እሹ። ጨርቅ በጨርቅ፣ በተለይ ጠርዙንና እጅ የሚይዝበትን መሐል። ውሃው ቡላ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ ደፍታችሁ በአዲስ ሙቅ ውሃና በአንድ ማንኪያ ሳሙና ድገሙት። በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከማሸት በንጹሕ ውሃ ሁለት አጭር አጠባ ይሻላል።

7. የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ሙቅ ይሁን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀዝቃዛ መሆን ይችላል። ቅቤም የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከሳሙናው ጋር ተንሳፎ ባለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ክሩ ላይ ይጋገራል። «በደንብ አጥቤው እንጨት ሆኖ ይደርቃል» የሚባለው ፎጣ ግማሹ ችግሩ እዚህ ነው።

8. ከመጨረሻው ማለቅለቂያ ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አራግፉት። አረፋ ይዞ ከቆየ ሳሙና ቀርቷል፤ አንዴ ድገሙ። ውሃው ከባድ በሆነበት፣ ማለትም ካልሲየም በበዛበት አካባቢ ለ10 ሊትር ማለቅለቂያ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ መጨመር የሳሙናውን ቅሪት ያነሳል። በረኪና በነካ ጨርቅ ግን ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጥንቃቄ አለ። ተቋርጦ የቆየ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ዝገትና ደለል ነው። ጥርት እስኪል ለብቻው ቅዱትና ለሽንት ቤት አውሉት። ነጭ ፎጣ በዚያ ውሃ ከታጠበ ይቢጫል፣ ላዩ ላይ በረኪና ሲጨመር ደግሞ ቢጫው ይጸናል።

በማሽን ከሆነ የጥጡን ፕሮግራም በ60 ዲግሪ ምረጡ፣ ከበሮውን ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉ፣ ፈሳሹን የዕቃ ሳሙና አትጨምሩ፤ አረፋው ከማሽኑ ይወጣል። ደረጃ ሁለት ላይ የተቀባውንም ማሽን ከመግባቱ በፊት አለቅልቁት። ማለስለሻ የሚባለውን ፈሳሽ ለማድቤት ፎጣ አትግዙ። ለስላሳ የሚያደርገው ክሩን በስስ ቅባት ነገር እየሸፈነ ነው፣ ያ ደግሞ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል።

ዘይትና ቅቤ

ሁሉም ዘይት አንድ አይደለም። የፓልም ዘይት በአዲስ አበባ ጠዋት ጄሪካን ውስጥ እንደሚረጋ ሁሉ ፎጣ ላይም ይረጋል፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ግን ይለቃል፣ ተንኮል የለውም። ተንኮለኛው የኑግ ዘይት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ የሚባል አሲድ በመሆኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይደርቃል። አሮጌ የኑግ ጠርሙስ አንገት ላይ የሚገኘው፣ ጥፍር የማይፋቀው፣ የሚያጣብቅ ቢጫ ሽፋን ፎጣው ላይም ይሠራል። የእንጨት ቫርኒሽ በሚደርቅበት መንገድ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይና ካውያ ያፋጥኑታል። ስለዚህ የኑግ ዘይት የነካው ፎጣ የሳምንቱን እጥበት አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይታጠብ። ካውያም አይንካው።

ደርቆ ላገኛችሁት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ለውሳችሁ ወፍራም ሊጥ አድርጉ፣ እድፉ ላይ ለጥፉ፣ አንድ ሰዓት አቆዩ፣ በብሩሽ ፈትጋችሁ በሙቅ ውሃ አለቅልቁ፤ ቀጥሎ ቀቅሉት። ሁለቴ ተሞክሮ ያልለቀቀ ቢጫ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ፎጣውን ወደ ጠረጴዛ ሥራ አውርዱት።

ሱቅ ስትልኩ ቤኪንግ ሶዳ በሉ። ቤኪንግ ፓውደር ውስጡ አሲድና ስታርች ስላለበት ለአምባሻ እንጂ ለእድፍ አይሆንም። ሶዳና አቼቶ አብሮ መቀላቀልም በየስልኩ የሚዞር ምክር ነው። ሲፈላ ያስደስታል፣ ግን አንዱ ሌላውን አጥፍቶት ጨዋማ ውሃ ነው የሚተርፈው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

እርድ

ሰው የሚደነግጥበት ይህ ነው። ቢጫውን ነጠብጣብ በደረቅ ሳሙና ስታሹት በዓይናችሁ ፊት ደም መስሎ ይቀላል። ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። የእርድ ቀለም፣ ኩርኩሚን፣ ሳሙና ሲያገኝ ይቀላል፣ ሎሚ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይመለሳል። መቅላቱ እርዱ የት የት እንደቀረ ያሳያችኋል እንጂ አዲስ እድፍ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቅቤውን ወይም ዘይቱን በዕቃ ሳሙና አውጡ፣ ምክንያቱም ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ከቅባቱ ጋር ነው የሚወጣው። ከዚያ ከላይ እንደተባለው እጠቡና ሳይደርቅ፣ እድፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ሲደርቅ ውሃ እየረጫችሁ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አቆዩት። ብርሃን ኩርኩሚንን ይሰብረዋል፤ ጠዋት የተሰጣ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ከቀትር በኋላ ገርጥቶ ይገኛል፣ በሁለተኛው ቀን አብዛኛው ይጠፋል። ይህ ለባለቀለም ፎጣም ስለሚሆን ከበረኪና ይመረጣል፤ ጉዳቱ የፎጣውም ቀለም በመጠኑ መድከሙ ነው። ነጭ ፎጣ ላይ ያለውን እርድ በረኪና ቶሎ ያነጻዋል፣ ግን ፀሐይ በነጻ የሚሠራውን ሥራ ጨርቅ በማድከም መክፈል ነው።

ከቢጫው ጋር ፎጣውን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ወይም ካውያ ስር አታስገቡ። ቅባቱ ካልወጣ ሙቀቱ ቀለሙን ከነቅባቱ ይተክለዋል።

በርበሬና ወጥ

የበርበሬ ቀይ ከእርድ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም በቅባት የሚሟሟ ቀለም ነው፣ ፀሐይም ያደክመዋል። ልዩነቱ ብናኙ ነው። ቁሌት የነካው ፎጣ ላይ የበርበሬው ደቃቅ ቅንጣት ክር መሐል ይሰካል፣ ስለዚህ ከማንኛውም ሳሙና በፊት ፎጣውን ገልብጣችሁ ከጀርባው በኩል የቧንቧ ውሃ በኃይል አውርዱበት። ከፊት ለፊት ከተመታ ቅንጣቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው ጥርት ሲል ሳፋው ጠርዝ ላይ ጨምቃችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ውሃውን አስመጡ፣ ከዚያ የዕቃ ሳሙናውን ቀቡና አሠራሩን ቀጥሉ። ሽሮም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የደረቀ ሽሮ ግን መጀመሪያ በማንኪያ ጠርዝ ይፋቅ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ይለስልስ።

ቡናና ሻይ

ጀበና የሚጠረግበት ፎጣ ቶሎ ይጠይማል። ትኩስ እያለ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ከተለቀለቀ ሌላ ነገር አይፈልግም። የቆየውን በደረቅ ሳሙና አትጀምሩት፣ ቡናማው ይበልጥ ይይዛል፤ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ሳሙና ይሻላል። ለነጭ ፎጣ ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እድፉ ላይ አፍስሱ፣ 30 ደቂቃ አቆዩ፣ አለቅልቁ። ባለቀለም ላይ ጠርዙ ላይ ሞክሩ። ቡናና ሻይ ብረት ካገኙ ደግሞ ወደ ጥቁር ይዞራሉ። የቡና ፎጣውን በዛገ ሚስማር ወይም በዛገ ሽቦ ላይ አትስቀሉት።

ሌሎቹ ባጭሩ

እንቁላል፣ ወተት፣ ደምና የሥጋ ውሃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ፕሮቲን በፍል ውሃ እንደ እንቁላል ይረጋል፣ ክሩ ላይም ይበስላል። ቀዝቃዛው ካጸዳው በኋላ ግን በሙቁ ማጠብ ግድ ነው።

የከሰል ጥላሸት ሲነካ አትሹ፣ አታርጥቡም። ደጅ ወጥታችሁ አራግፉ፣ የቀረውን በደረቅ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙና።

ዝገት ሎሚ ይፈልጋል። እድፉ ላይ ጨው ነስንሱ፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት እንዳይደርቅ እየጨመራችሁ አቆዩ፣ አለቅልቁ። ሎሚው በደንብ ታጥቦ ሳይወጣ በረኪና አይቅረብ።

ቀይ ሥር በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይለቃል፣ ብዙ አያስጨንቅም።

መቀቀል

በወር አንዴ፣ ወይም ፎጣው ሲረጥብ መሽተት ሲጀምር። የሚቀቀለው ቅባቱና እድፉ የወጣለት፣ የታጠበ ነጭ ጥጥ ነው። በአንድ ድስት አምስት ሊትር ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ ፎጣዎቹ ተጨናንቀው ሳይሆን ተንሳፈው። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ፣ የሳሙና አረፋ ሲፈላ ገንፍሎ ምድጃውን ያጠፋል። ከፈላ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በእንጨት እያገላበጣችሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ለሽታ ተሕዋስያን ያ በቂና ከበቂ በላይ ነው።

ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። ሶዳ ሲፈላ ኃይሉ ይጨምራል፣ አልሙኒየምን ይበላል፤ ድስቱ ይጠቁራል፣ ፎጣውም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ውሃው ትንሽ እስኪበርድ ጠብቁ እንጂ ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ አትተዉት፣ ያወጣው ቆሻሻ ተመልሶ ይቀመጣል።

በረኪና

ለነጭ ጥጥ፣ ከሁሉ በኋላ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ። አምስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አምስት የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። መጠኑ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ላለበት ነው፤ ጠርሙሱን አንብቡ። የታጠበውንና የረጠበውን ፎጣ አስገቡ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በብዙ ውሃ። ደረቅ ጨርቅ ላይ ሳይበጠበጥ የፈሰሰ በረኪና ዛሬ ምልክት አያሳይም፣ በሁለተኛ በሦስተኛ አጠባው ግን በዚያው ቦታ ጨርቁ በጣት ይቀደዳል። ሙቅ ውሃ አትጨምሩ፣ ጭሱ ይበረታል፣ ጨርቁም ይጎዳል። መስኮት ይከፈት።

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ይሠራል። በረኪና በዋለበት ቀን በዚያ ሳፋ ሌላ ነገር አይሠራ። በፀሐይ መስኮት ላይ ለወራት የቆመ በረኪና ደግሞ ኃይሉ ስለሚያልቅ፣ ሽታ እያለው ሥራ አይሠራም። መጠኑን ከመጨመር አዲስ ግዙ።

በገጠር ለነጠላና ለጋቢ የሚታወቀው እንዶድም አለ። ደርቆ የተወቀጠው ፍሬው ውስጥ ሳፖኒን ስላለ አረፋ ያወጣል፣ ከባድ ውሃ ላይም እንደ ደረቅ ሳሙና አይጋገርም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ለቢልሃርዝያ በሽታ ምርምር በር የከፈተው በዚሁ ኃይሉ ነው። ለማድቤት ፎጣ ያዋለው ሰው አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ያለቅልቅ፣ ሰሃን ከሚታጠብበት ሳፋም ይለየው።

ማድረቅ

በበጋ ጉዳዩ ቀላል ነው። ገመድ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይደራረብ፣ ነጩ ፀሐይ ላይ፣ ባለቀለሙ ጥላ ላይ። ከመንገድ ዳር አቧራ ራቅ ይበል።

ችግሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ክረምት ላይ ፎጣ ሁለት ቀን ይሰቀላል፣ በሦስተኛው ቀን ደረቀ ተብሎ ይታጠፋል፣ በአራተኛው ይሸታል። ስለዚህ በክረምት ትንሽ ትንሽ እጠቡ፣ አራት አራት ፎጣ። የታጠበውን በደረቅ ትልቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ እርገጡት፣ የማይጨመቀው ውሃ ይወጣል። ከዚያ አየር በሚያልፍበት፣ በፎጣና በፎጣ መሐል አራት ጣት ትታችሁ ስቀሉ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ እድፍ የሌለበትን በካውያ ጨርሱት። ከከሰል ምድጃ በላይ አትስቀሉ፤ ጢሱን ይጠጣል፣ እሳትም ያሰጋል። ከመታጠፉ በፊት ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ቅዝቃዜ ከተሰማ እርጥበት አለ።

ውጭ አገር በማድረቂያ ማሽን ለሚጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የምግብ ዘይት በደንብ ያልለቀቀ ፎጣ ከማድረቂያው ትኩሱን ወጥቶ ከተከመረ በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። እሳት የተነሣባቸው ቤቶችና ሬስቶራንቶች አሉ። ዘይት የበዛበትን ገመድ ላይ አድርቁ፣ ማሽን የገባውን የማብረጃውን ዙር ሳታቋርጡ ጨርሱ፣ አራግፋችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ እጠፉ።

እንዲህ ከሆነ ምን ተሳስቷል

ደርቆ እንጨት ከሆነ ሳሙና ቀርቶበታል፣ ወይም ውሃው ከባድ ነው። ከባድ ውሃ ባለባቸው ከተሞች፣ ድሬዳዋ ለምሳሌ፣ ደረቅ ሳሙና ከውሃው ካልሲየም ጋር ተጋግሮ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል፤ ያ ነው ነጩን የሚያጠይመው። በአምስት ሊትር ሙቅ ውሃ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙና እጠቡ። ደረቅ ሳሙናን ለፎጣ መጠቀም እዚያ ላይ ቢቆም ይሻላል።

ደረቅ እያለ የማይሸት፣ ሲረጥብ ግን የሚሸት ከሆነ ተሕዋስያኑ አልሞቱም። ሽቶ ያለው ሳሙና ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ቀቅሉት።

ብርጭቆ ላይ ጭረት የመሰለ መስመር ከተወ ማለስለሻ ነክቶታል። ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይመለሳል።

ያረጀው

ብርሃን ላይ ሲያዝ ወንፊት የመሰለ፣ ጠርዙ የሚተለተል ፎጣ ዕቃ ላይ ክር ይተዋል፤ ከዕቃ ይውጣ። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ 20 በ20 ሴንቲሜትር ተቆርጦ ጥሩ የምጣድ ማሰሻ ይወጣዋል። ቴትሮን ያለበት አይሆንም፣ በጋለ ምጣድ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። የኑግ ወይም የጎመን ዘር የጠጣውን ማሰሻ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ፣ ምጣዱ አጠገብ አታስቀምጡ፤ እሱም በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። መጥቆርና መጎርበጥ ሲጀምር በውሃ አርጥባችሁ ጣሉት፤ ያኔ ሌላ አሮጌ ፎጣ ይቆረጣል።